ለግቢ ውሻ ምን ዓይነት አጥር?

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲያልፍ በራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆም ብሎ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ መሬቱ ከግራም ከቀኝም ወደ ወንዙ እንደሚያዘቀዝቅ ያስተውላል። በ2016 ዓ.ም. የተካሄደው የኮሪደር ልማት የአካባቢውን ነባር ሰፈሮች በእጅጉ ቢለውጥም ተዳፋቱ እንዳለ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ውሻ የሚያሳድር ሰው አጥሩን ከየት እንደሚለካ ማወቅ አለበት።

ጉዳዩን በፊዚክስ እንመልከተው። አንድ ውሻ በሴኮንድ 4 ሜትር ፍጥነት ሽቅብ ቢዘል፣ የፍጥነቱ ስኩዌር (16) ለመሬት ስበት እጥፍ (19.6) ሲካፈል የስበት ማዕከሉ 0.8 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ማዕከሉ ቀድሞውኑ ከመሬት ግማሽ ሜትር ላይ ከነበረ 1.3 ሜትር ደረሰ ማለት ነው። 1.8 ሜትር አጥር ታዲያ መያዣ ካላገኘ ይከብደዋል። ነገር ግን አጥሩ ከውጭ፣ ከዝቅተኛው ወገን ተለክቶ የግቢው አፈር በግማሽ ሜትር ከፍ ቢል፣ ለውሻው የቀረው 1.3 ሜትር ብቻ ነው።

የሽቦ መረብ ቀዳዳዎቹ መሰላል ይሆኑለታል። መንገደኛውን እያየ ሊደርስበት አለመቻሉም ያበሳጨዋል፤ ሕፃናትም እጃቸውን በቀዳዳው ያስገባሉ። የምንንቀው ቆርቆሮ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ እይታን ይከልላል፣ ለጥፍርም አይመችም። ድክመቱ ከሥሩ ነው። በተዳፋት ላይ የክረምት ጎርፍ አፈሩን ሲሸረሽር ውሻው ሳይቆፍር መውጫ ያገኛል። ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ መቅበር ያስፈልጋል። ሰንሰለትን በአጥር ፋንታ የሚጠቀሙም አሉ፤ መሸሽ የማይችል ውሻ ግን ሲፈራ ያለው ምርጫ መንከስ ብቻ ነው።

ንክሻ ደግሞ በዚህች ከተማ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከፍተኛ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ መድረሱ ተመዝግቧል። ቫይረሱ በቁስሉ ገብቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጥሩ አጥር ቢኖርም ውሻው በየጊዜው መከተብ አለበት።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳሙና የቫይረሱን የስብ ሽፋን ያፈርሳልና። ከዚያም የባህል መድኃኒት ሲፈልግ ቀን ሳያሳልፍ፣ ክትባቱን ለመጀመር በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።