በአንድ ኬብል ላይ ሁለት «አቤት» ባዮች

ቦሌ አካባቢ ከሚገኝ አንድ መኖሪያ ቤት ዕቃ ቤት የወጣ ኮሞዶር 64 ኮምፒውተር በቅርቡ እጃችን ገብቶ ነበር። ከእርሱ ጋር 1541 የተባለው ዲስክ ድራይቭና 11 ፍሎፒ ዲስኮች አሉ። የቤቱ እመቤት የፈለጉት ማሽኑን አልነበረም፤ ሟች ወንድማቸው አሜሪካ ተማሪ ሳሉ ጽፈው በዲስኮቹ ላይ ያስቀመጧቸውን ደብዳቤዎች ነው።

ዲስኮቹን ወደ ኤስዲ ካርድ መገልበጥ ነበረብን። ለዚህ የሚሆን፣ ኮምፒውተሩ እንደ ዲስክ ድራይቭ የሚቆጥረው ትንሽ የካርድ ማንበቢያ አለ። ይሁን እንጂ ማሽኑ ለድራይቭ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ይህ ኮምፒውተር መሣሪያዎቹን እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ያያይዛቸዋል። ድራይቩ ከኋላው ሁለት ሶኬቶች አሉት፤ በአንዱ ከኮምፒውተሩ፣ በሌላው ከተከታዩ መሣሪያ ጋር ይገናኛል። ሽቦዎቹ የጋራ በመሆናቸው ኮምፒውተሩ የሚለውን ሁሉም ይሰማሉ። ታዲያ የተጠራው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? በቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ በቅድሚያ «ትኩረት» የሚባለውን ሽቦ ቮልቴጅ ዝቅ ያደርጋል፤ መሣሪያዎቹ ሁሉ ያዳምጣሉ፤ ከዚያም ቁጥር ጠርቶ «ተናገር» ወይም «አድምጥ» ይላል። ያልተጠራው ዝም ይላል። ማተሚያ በ4 ወይም በ5፣ ዲስክ ድራይቭ ደግሞ ከ8 እስከ 11 ባሉት ቁጥሮች ይጠራል።

ከማብራታችን በፊት ኤሌክትሪኩን ማሰብ ግድ ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ስለዚህ በትራንስፎርመር አወረድነው። የኮሞዶር የኃይል ሳጥንም ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት ሲገባው ከዚያ በላይ እየሰጠ የማስታወሻ ቺፖችን ያቃጥላል። በቴስተር ሳንለካ አላገናኘነውም። አንባቢም እንዲህ ያለ ዕቃ ቢያገኝ ለማብራት አይቸኩል።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቀን ቁጥሩን ረሳነው! ድራይቩም ካርድ ማንበቢያውም ከፋብሪካ የወጡት 8 ተብለው ነው። መምህሩ ስም ሲጠራ ሁለት ሞክሼ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ «አቤት» እንደሚሉት፣ ሁለቱም መልስ ሲሰጡ ምልክታቸው በአንድ ሽቦ ላይ ተደበላለቀና ማሽኑ ደርቆ ቀረ። ድራይቩን አጥፍተን ማንበቢያውን በትእዛዝ 9 አልነው፤ ቁጥሩንም በቋሚ ማስታወሻው እንዲይዝ አደረግን። ሁለት 1541 ድራይቮች ቢሆኑ ኖሮ ለውጡ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል፤ እንዲጸና ከተፈለገ በሰሌዳው ላይ ለዚሁ የተተወውን መስመር መቁረጥ ያሻል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ትዕግሥት ነው። አንድ ዲስክ 170 ኪሎባይት ይይዛል፤ ድራይቩ በሴኮንድ 400 ባይት ገደማ ስለሚያነብ ሙሉውን ለማንበብ ብቻ 7 ደቂቃ ያህል ይፈጃል።

ዘጠኙ ዲስኮች ተነበቡ። ማሽኑ ፊደላችንን ስለማያውቅ ደብዳቤዎቹ የተጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ ቋንቋቸው ግን አማርኛ ነው። የቀሩት ሁለቱ ሻግተዋል፤ የድራይቩን የማንበቢያ ራስ እንዳያበላሹ ሰግተን ሳናስገባቸው ለወይዘሮዋ መልሰናል።