ለምን ትንሹ አርቢ?

የ18ሀ³መ² እና የ24ሀ²መ⁵ን ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈልጉ ሲባል ብዙ ተማሪ ቁጥሮቹ ላይ አይቸገርም። 18ንም 24ንም ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ትልቁ ቁጥር 6 መሆኑን ወዲያው ያገኘዋል። የሚሰናከለው ፊደሎቹ ላይ ነው፤ «ትልቁ» ስለተባለ ትልልቆቹን አርቢዎች መርጦ 6ሀ³መ⁵ ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው መልስ 6ሀ²መ² ነው።

ምክንያቱን ለማየት አርቢውን መዘርዘር ይበቃል። ሀ³ ማለት ሀ × ሀ × ሀ ነው፤ ሀ² ደግሞ ሀ × ሀ። ሁለተኛው ቁም ውስጥ ሀ የተባዛው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሦስተኛው ሀ የጋራ ሊሆን አይችልም። «ትንሹን አርቢ ውሰዱ» የሚለውን ደንብ በቃል ከማስጠናት ይልቅ ይህችን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ መጻፍ እጅግ ይሻላል ባይ ነኝ። ደንቡ ይረሳል፤ ዝርዝሩን ያየ ልጅ ግን ደንቡን ራሱ መልሶ ያወጣዋል። 30ሀ⁴ የሚል ሦስተኛ ቁም ቢጨመርም አይደናገርም፤ እዚያ ውስጥ መ ጨርሶ ስለሌለ የሦስቱ የጋራ 6ሀ² ብቻ ይሆናል።

ማረጋገጫው ማካፈል ነው። 18ሀ³መ² + 24ሀ²መ⁵ ተብሎ የተሰጠው 6ሀ²መ²(3ሀ + 4መ³) ሆኖ ሲጻፍ፣ ቅንፉ ውስጥ የቀሩት 3ሀ እና 4መ³ ከ1 በቀር የሚጋሩት የለም። ሀ በ2፣ መ በ3 ቢተካ ግን 6 እና 108 ይሆናሉ፤ እነዚህ ደግሞ 6ን ይጋራሉ። ይህ የቁጥሮቹ አጋጣሚ ነው። አልጀብራ የሚፈልገው ፊደሎቹ የትኛውንም ቁጥር ቢወክሉ የሚጸናውን ነው።

ከፊደሎቹ ፊት የቆሙት ቁጥሮች ሲከብዱ፣ ለምሳሌ 323 እና 247 ሲሆኑ፣ ብቸኛ አካፋዮችን እየሞከሩ መፈለግ ያደክማል። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ በ«ኤለመንትስ» 7ኛ መጽሐፍ ያስቀመጠው መንገድ ያን ድካም ያስቀራል። 323 ለ247 ሲካፈል 76 ይቀራል፤ 247 ለ76 ሲካፈል 19 ይቀራል፤ 76 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል። መልሱ 19 ነው።

እ.ኤ.አ. በ1585 ሲሞን ስቴቪን ይህንኑ መንገድ ብዙ ቁም ላላቸው የአልጀብራ መግለጫዎች አዋለው። ከሀ² + 5ሀ + 6 ላይ ሀ² + 4ሀ + 3 ሲቀነስ ሀ + 3 ይቀራል፤ ሁለቱንም ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸውም ይኸው ሀ + 3 ነው። አንደኛው (ሀ + 2)(ሀ + 3)፣ ሌላው (ሀ + 1)(ሀ + 3) ነውና።