ከባህር የራቁ የባህር ወፎች

ታኅሣሥ ላይ ባቱ ከተማ፣ ዓሣ አስጋሪዎች ፊሌቶ በሚያወጡበት የዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ፣ በአባ ኮዳዎቹ መካከል አንድ የማላውቀው ትልቅ ነጭ ወፍ ቆሞ ነበር። ክንፉ ግራጫ ነው፤ ቢጫ መንቁሩ ወደ ጫፉ ጥቁር መቀነት አለው፤ ከዚያ ይቀላል። የቆሮሶ አንጀት ሲወረወር ከሁሉም ቀድሞ አነሳ። አጠገቤ ቢላ የሚስል ወጣት "የባህር ወፍ ነው፤ መንገድ ጠፍቶት ነው" አለኝ። እውነት መንገድ የጠፋው ወፍ እንዲህ ተደላድሎ ይበላል? ጥያቄው አልለቀቀኝም።

ወፉ ፓላስ ጋል ይባላል። የሚራባው ከጥቁር ባህር አካባቢ አንሥቶ በካስፒያን በኩል እስከ ሞንጎልያ ባሉ ሐይቆች ነው። በረዶው ሲበረታ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከመንጋው ጥቂቱ የእኛን ስምጥ ሸለቆ ይመርጣል። ዝዋይ ከየትኛውም የባህር ዳርቻ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከባህር ወለል በላይም 1,600 ሜትር ከፍ ይላል። ወፉ ግን አልተሳሳተም። ከሳይቤሪያ ጫፍ የሚነሡ፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማይበልጡ የዳርቻ ወፎችም በዚሁ ሸለቆ ጭቃ ላይ ይከርማሉ። የጋል ወገኖች ከዓይናቸው በላይ ጨው የሚያጣራ ዕጢ አላቸው፤ የተጣራው በአፍንጫቸው ወጥቶ በመንቁራቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጨዋማ ውሃ የማያስፈራቸው ለዚህ ነው።

አገሩም ቢሆን ለባህር እንግዳ አይደለም። በአፋር ዝቅተኛ ምድር ቀይ ባህር ከ100 ሺህ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ገብቶ እንደነበር የኮራል ቅሪቶች ዛሬም ይመሰክራሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላም በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት፣ ዝናቡ በበዛበት ዘመን፣ አንድ ሰፊ ሐይቅ ነበሩ፤ ሞልቶም ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር።

ወሬውን የጀመርኩት በወፍ ነበር፤ ዝዋይ ላይ ያነጋገርኳቸው አንድ አዛውንት ባለጀልባ ግን ወደ ውሃው መለሱኝ። በወጣትነታቸው አብያታ ላይ መረብ ጥለዋል። "ልጄ፣ ፔሊካኑ ሲወርድ ውሃው አይታይም ነበር" አሉኝ። ፔሊካኖቹ የሚፈለፍሉት ሻላ ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ነበር፤ አውሬ አይደርስባቸውም። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ ቢሆንም ዓሣው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ እየተነሡ አብያታ ይበሉ ነበር። አንድ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ያህል ዓሣ ይፈልጋል። "መጀመሪያ ዓሣው አነሰ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ወፉ ከእኛ በፊት ነው ያወቀው። እኛ መረብ ስንጠግን እሱ ጥሎ ሄደ።" ሲናገሩ እጃቸው ወደ ደቡብ ይጠቁም ነበር። "አሁን ብትሄድ የቀድሞው ዳርቻ ላይ ቆመህ ውሃውን በዓይንህ ትፈልጋለህ።"

አብያታ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ በታች ወርዷል። ምክንያቱን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከዝዋይ ወደ አብያታ የሚወርደው ቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ይሳባል፤ ዝዋይ ራሱም በፓምፕ ይቀዳል። በአብያታ ዳር ያለ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች ሲወስድ ቆይቷል። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ መግለጫ ግን ዛሬም የፓርኩ ስፋት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያም ውስጥ 482ቱ ውሃ ነው ይላል።

በዓመት ስንት ውሃ እንደሚቀዳ የጠየቅኳቸው አንድ ኃላፊ ጥያቄውን በጽሑፍ እንዳቀርብ ነገሩኝ። አቀረብኩ። ደግሜ ስደውል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ መልስ አልሰጡም። የገበሬውን ፓምፕ ብቻ መክሰስ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ቤተሰቡን የሚያበላው በዚያው ሽንኩርትና ቲማቲም ነው።

ፍላሚንጎዎቹ አሁንም አሉ፤ የሚመገቡት የሶዳ ውሃ የሚያበቅለውን ደቃቅ አልጌ ነው። ጎብኚ ሮዝ ቀለማቸውን አይቶ ሐይቁ ደህና ይመስለዋል። ዓሣ በሊታዎቹ ግን ወደ ዝዋይና ሐዋሳ ዞረዋል፤ አስጋሪዎቹም ተከትለዋቸዋል።

ከዝዋይና ከቡልቡላ በየወሩ የሚቀዳው ውሃ ይለካ፤ ልኩም ለሕዝብ ይነገር። ለአብያታ የሚለቀቀው ድርሻ በሕግ ይወሰን፤ በጋው ሳይገባም ይለቀቅ። ይህን ሥልጣኑ ያላችሁ ሰዎች ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ጥያቄዬም እስካሁን ጠረጴዛችሁ ላይ ነው።