የጅግራ ጫጩቶች የእግር ጉዳት፦ መንስኤን መለየትና እንክብካቤ በዋግ ኽምራ ከፍተኛ ቦታዎች

መግቢያ

ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም በ2007 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ቃል ኪዳን ስሙን የወሰደው ከሰቆጣ ነው። እንቁላል በጥቂት መሬትና በአነስተኛ ወጪ ወደ ሕፃናት ገበታ ሊደርስ የሚችል የእንስሳት ተዋጽኦ በመሆኑ፣ ዝናብ አጠር ለሆነው ለዋግ ኽምራ የሚስማሙ አዕዋፍን ማጥናት ተገቢ ነው። ከእነዚህ አንዷ ጅግራ ናት። መገኛዋ አፍሪካ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በአብዛኛው በዱር ትኖራለች፤ በሰሜን ጋናና በቡርኪና ፋሶ ግን ገበሬዎች በግቢያቸው ያረቧታል። ካደገች በኋላ ነፍሳትንና የሣር ፍሬን ለቅማ ትኖራለች፤ ድርቅንም ከዶሮ በተሻለ ትቋቋማለች። እርባታዋን የሚፈታተነው የጫጩቶቹ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በዚህ ወቅት ከሚታዩት ችግሮች አንዱ የእግር ጉዳት ሲሆን፣ የሚያነክስ ጫጩት ብዙ ጊዜ ተስፋ እንደሌለው ተቆጥሮ ይጣላል። ይሁንና የእግር ጉዳት ስለ ወለሉ፣ ስለ መኖው ወይም ስለ መንጋው ጤና የሚናገር ምልክት ስለሆነ፣ ከመወሰን በፊት መንስኤውን መለየት ያስፈልጋል።

መንስኤን የሚለዩ ሦስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ጉዳቱ መቼ ታየ የሚል ነው። በተፈለፈሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የሚታይ ጉዳት በአብዛኛው ከእንቁላሉ አያያዝ ወይም ከወለሉ ይመነጫል። ሁለተኛው ስንት ጫጩቶች ተጎዱ የሚል ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ አደጋ፣ ብዙ ከሆኑ የመኖ ጉድለት ወይም በሽታ ይጠረጠራል። ሦስተኛው ሌላ ምልክት አለ ወይ የሚል ነው፤ የአንገት መጣመም፣ ተቅማጥና የትንፋሽ መቸገር ከእግር ጉዳት ጋር ከታዩ ጉዳዩ የተላላፊ በሽታ ነው።

ከወለልና ከአያያዝ የሚመጣ ጉዳት

በላስቲክ፣ በጋዜጣ ወይም በለሰለሰ ወለል ላይ የዋለ ጫጩት እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ተንሸራተው መቆም ያቅተዋል። ይህ በጊዜው ከተደረሰበት የሚታረም ጉዳት ነው። ሁለቱ እግሮች በተፈጥሯዊ የአቋቋም ርቀታቸው በለስላሳ የጨርቅ ቁራጭ ላላ ተደርገው ይታሰራሉ፤ ጫጩቱም ጆንያ በተነጠፈበት ወለል ላይ ይደረጋል። ማሰሪያው ደም እንዳያግድ በየቀኑ እየታየ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይፈታል። አጥንቱ ከጠነከረ በኋላ የሚደረግ ሙከራ ውጤቱ አነስተኛ ነው።

ያደጉ ጅግሮች ደግሞ እግራቸው ተይዞ ሲጎተት በቀላሉ ይወልቃል ወይም ይሰበራል። ስለዚህ ዶሮን እግሯን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ወደ ገበያ የመውሰድ ልማድ ለጅግራ ፈጽሞ አይስማማም። ክንፎቿን ከገላዋ ጋር አቅፎ መያዝ ተገቢ ነው።

ከመኖ ጉድለት የሚመጣ ጉዳት

የጅግራ ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመኖው 24 እስከ 26 በመቶ ፕሮቲን ይፈልጋል። ማሽላ ወይም ገብስ ብቻ መስጠት ይህን አያሟላም፤ ምስጥ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ እንዲሁም ከተከዜ ግድብ ሐይቅ የሚገኝ በሚገባ ተቀቅሎ የደረቀ የዓሣ ተረፈ ምርት ጉድለቱን ሊያቃልሉ ይችላሉ። ቫይታሚን ቢ2 ሲያንስ የጫጩቱ ጣቶች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ እርሾ፣ አሬራና ለጋ ቅጠል ቶሎ ከተሰጡ መሻሻል ይታያል። ማንጋኒዝ ወይም ኮሊን ሲጎድል ግን የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ከቦታው ይንሸራተታል፤ አንዴ ከተንሸራተተም መመለሱ አስቸጋሪ ስለሆነ ጥረቱ የቀሩትን ጫጩቶች መኖ ማሻሻል ላይ ሊያተኩር ይገባል።

በደጋው ልዩ ትኩረት የሚሻው የአጥንት መለስለስ ነው። ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ስለሚፈልጉ አርቢው ከሌሊቱ ብርድ ሊያድናቸው በጨለማ ቤት ያቆያቸዋል። የፀሐይ ብርሃን ካላገኙ ግን ቫይታሚን ዲ ያጥራቸዋል፤ ካልሲየም በአጥንታቸው ውስጥ በአግባቡ አይሰፍርም። ስለዚህ ረፋድ ላይ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነፋስ በማይነካው ቦታ ፀሐይ ማሞቅ ብርድንም ጉድለትንም በአንድነት ይከላከላል።

ተላላፊ በሽታ

ፈንግል ሽባነትንና የአንገት መጣመምን ያስከትላል። ጅግራ ምልክቱ ሳይጎላባት ቫይረሱን ወደ ዶሮዎች ልታስተላልፍ ስለምትችል፣ የተጠረጠረችን ወፍ መለየትና የእንስሳት ጤና ባለሙያን ማማከር ግዴታ ነው። ቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሙቀትን የሚቋቋም የፈንግል ክትባት ያመርታል፤ ይህ ዓይነቱ ክትባት ማቀዝቀዣ ለሌላቸው ቀበሌዎች ይበልጥ አመቺ ነው።

ጉዳቷ የማይድን ወፍ

ተላላፊ በሽታ የሌለባትና ራሷን ችላ መብላትና መጠጣት የምትችል ወፍ በእንክብካቤ ልትኖር ትችላለች። ጉዝጓዟ ደረቅና ለስላሳ፣ መመገቢያዋና ውኃ መጠጫዋ ዝቅ ያለ፣ ማደሪያዋም መሬት ላይ መሆን አለበት። ጤነኞቹ ደካማዋን ስለሚነቁሯት በወንፊት ሽቦ መለየቱ ይመረጣል፤ ሆኖም ጅግራ የመንጋ ወፍ ስለሆነች ብቻዋን ከሆነች ትጨነቃለች፤ ጓደኞቿን ማየትና መስማት መቻል ይኖርባታል። የእግሯ መዳፍ እንዳይቆስልም በየጊዜው ይመረመራል። መንስኤው ያልታወቀ ጉዳት ያለባትን ወፍ ለዘር አለመጠቀም ይመከራል። መኖ መድረስ ያቃታትንና በሥቃይ ላይ ያለችን ወፍ ግን ሳይዘገይ ያለ ሥቃይ ማረድ የእንክብካቤው አካል ነው።

ማጠቃለያ

እርባታን ለመጀመር ሁለት ጉዳዮች አስቀድመው ሊታዩ ይገባል። አንደኛ፣ ከዱር ወፍ ወይም እንቁላል ለመውሰድ ያሰበ ሰው በአዋጅ የተደነገገውን የዱር እንስሳት አጠቃቀም ሥርዓት መከተልና ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የጅግራ እንቁላል የሚፈለፈለው ከ26 እስከ 28 ቀን ሲሆን የዶሮ በ21 ቀን ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዶሮ ሥር በአንድ ጊዜ ከታቀፉ፣ ዶሮዋ ቀድመው የተፈለፈሉትን ተከትላ የጅግራውን እንቁላል ትታ ልትነሣ ትችላለች። በሰቆጣና አካባቢው ለሚደረጉ ቀጣይ ጥናቶች፣ የሞቱ ጫጩቶችን ከመቁጠር ባሻገር የተጎዱትን በዕድሜ፣ በብዛትና በምልክት ለይቶ መመዝገብ ጠቃሚ መነሻ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ መዝገብ ወለሉን፣ መኖውንና ክትባቱን በወቅቱ ለማስተካከል ያስችላልና።