ዓለም ሳትጠፋ የቀረችበት ሌሊት፣ ከጓዳ ሲታይ

ጠጋ በሉ፤ ይህን እኛ የሠራነው ሰዎች ለብቻችን ስንገናኝ እንጂ በአደባባይ አናወራውም። የፈረንጆቹ 2000 ሊገባ ሲል አውሮፕላን ይወድቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ባንክ ይዘጋል ሲባል ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ኢንሹራንስ ምድር ቤት ተቀምጬ ኮቦል በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ እጠግን ነበር። ስሙን አትጠይቁኝ።

ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ የሚክድ ሰው ካለ ኮዱን አላየውም። ድሮ ፕሮግራም ወደ ማሽን የሚገባው በወረቀት ካርድ ነው፤ አንዱ ካርድ ከ80 ፊደል በላይ አይችልም። ሚሞሪም እንደ ወርቅ ውድ ነበር። ስለዚህ 1967 ብሎ መጻፍ ቅንጦት ሆነና 67 ተባለ። 00 ሲመጣ ግን ማሽኑ 1900 ነው ብሎ ይነሣል፤ በ65 የተወለደው ደንበኛ በ35 ዓመቱ ፋንታ ከዜሮ በታች 65 ዓመት ይሆነዋል። የዚህን ሰው የኢንሹራንስ ክፍያ አስሉ እስቲ!

አሁን ወደ ሹክሹክታው። «ተስተካከለ» ሲባል የሰማችሁት ብዙው አልተስተካከለም፤ ተላለፈ። ዓመቱን በየቦታው ባለ አራት አኃዝ ማድረግ ማለት እያንዳንዱን ፋይል፣ እያንዳንዱን ቅጽ፣ መረጃ የምንለዋወጠውን ድርጅት ሁሉ መነካካት ነው። ለዚያ ጊዜ የለም። አለቆች የወደዱት አቋራጩን ነበር፤ አንዲት መስመር ትጨምራለህ፦ አኃዙ ከ30 በታች ከሆነ ከፊቱ 20 አድርግ፣ ካልሆነ 19። አለቀ። 29 ሲል 2029፣ 30 ሲል 1930 ማለት ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት 20ን ይመርጣል፣ ሌላው 50ን። መራጩ የራሱን የጡረታ ዓመት አስልቶ ነው እያልን እንስቅ ነበር፤ ብዙም አልተሳሳትንም።

ፍርሃቱንስ ማን ሸጠው? ዓለም ሊያልፍ ነው የሚሉትን ሰባኪዎች ለብቻቸው አትውቀሱ፤ የኛው ሰዎችም ነበሩበት። ኤድ ዩርደን በሙያው የተከበረ ደራሲ ነበር፤ ከልጁ ጋር ስለዚሁ ጣጣ መጽሐፍ ጻፈና ራሱ ኒው ዮርክን ለቅቆ ኒው ሜክሲኮ ገባ። በ1993 የማንቂያ ደወሉን ቀድሞ የደወለው ፒተር ደ ያገር ደግሞ በዚያች ሌሊት ከቺካጎ ወደ ለንደን በረረ። እኔ ያመንኩት የኋለኛውን ነው፤ ኮዱ ምን ያህል እንደተጠገነ ያውቅ ነበርና።

በኛ አቆጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነው። ከአዲስ አበባ የደወለልኝ አጎቴ «እኛ ጋ ስምንት ዓመት ይቀራል፤ እናንተ ቀድማችሁ ጥፉ» ብሎ ሳቀብኝ። ስምንተኛውን ሺህ ባነሣበትም መልስ ነበረው። 1992 ላይ ከክርስቶስ በፊት ያለውን 5500 ዓመት ደምርበት፣ 7492 ይሆናል፤ ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ምን ያስደነግጠኛል አለኝ።

ታዲያ ያ ሌሊት ምን አመጣ? ጃፓን ውስጥ በኢሺካዋ የኒውክሌር ጣቢያ የጨረር መቆጣጠሪያ መሣሪያ ተበላሸ፤ አደጋ ግን አልደረሰም። አሜሪካ የሰላይ ሳተላይቶቿን መረጃ ለተወሰነ ጊዜ ማንበብ አቃታት፤ ይህ እንኳ ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የከዋክብት ምርምር ተቋም፣ የአገሪቱን ሰዓት የሚጠብቀው ማለቴ ነው፣ ድረ ገጹ ላይ ዓመቱን 19100 ብሎ ጻፈ። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ አንድ ፊልም ተከራይ ካሴቱን መቶ ዓመት አዘግይተሃል ተብሎ 91,250 ዶላር ተጠየቀ።

የማይመቸንን ሐቅም ልንገራችሁ። ጋርትነር የተባለው ድርጅት የዓለምን ወጪ ከ300 እስከ 600 ቢሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር። እንደ ጣሊያን ያሉ በዝግጅት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮችም ግን አልፈረሱም። እኛ «ስለጠገንነው ነው የተረፋችሁት» ስንል ይህን ዘለን ነው። በኔ ግምት የባንኩና የኢንሹራንሱ ጥገና የግድ ነበር፤ ሊፍት ይቆማል፣ ቡና ማፍያ ይሞታል እየተባለ የተበላው ገንዘብ ግን የአማካሪዎች ሲሳይ ነው።

የተላለፈው ዕዳ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። በፈረንጆቹ ጥር 2020 ላይ የኒው ዮርክ የመኪና ማቆሚያ ማሽኖች ካርድ አንቀበልም አሉ፤ የክፍያ ሶፍትዌራቸው ማብቂያው የዚያ ዓመት መጀመሪያ ቀን ሆኖ ኖሯል። ትልቁ ግን ገና ነው። ብዙ የቆዩ ማሽኖች ጊዜን የሚቆጥሩት ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ቁጥሩን የሚይዙበት ቦታ በ2038፣ ጥር 19 ቀን ይሞላል። ወደኛ ስመልሰው ጥር 11 ቀን 2030 ሆነ፤ በጥምቀት ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ሰፋ ያለ ቦታ ስላላቸው አይነካቸውም፤ የሚያሰጋው በየፋብሪካው የተረሳው አሮጌ ዕቃ ነው። ቀን ቆራጮቹ ከበዓሉ ጋር መግጠሙን እስካሁን ያስተዋሉት አይመስለኝም፤ እናንተም አትንገሯቸው።