እሬትና ቁልቋል በከተማ ስለሚተከሉበት አፈር

እሬትና ቁልቋል፤ እነዚህንም የመሰሉ በቅጠላቸው ወይም በግንዳቸው ውኃ የሚያከማቹ ተክሎች ለከተማ መንገድ ዳርና ለአደባባይ የሚመረጡት በበጋ ብዙ ውኃ ስለማይሹ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባና አፈራቸው ጥቁር በኾነ በሌሎች የደጋ ከተሞች እነዚህን ተክሎች ከበጋው ጥም ይልቅ የክረምቱ ርጥበት ያጠፋቸዋል። ለችግኝ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ የሚቀረው ከሥሩ በታች ላለው አፈር ሳይታሰብ በሚቀርበት ጊዜ ነው።

የተክል ሥር አየር ይፈልጋል። ጥቁር አፈር ግን ዝናም ሲጠጣ ያብጣል፤ በቅንጣቶቹም መካከል ያለው ቀዳዳ በውኃ ተሞልቶ አየሩ ይወጣል። ሥሩም ታፍኖ ሻጋታ ይይዘውና ይበሰብሳል። ቅጠሉ ባከማቸው ውኃ ብዙ ቀን ለምለም መስሎ ስለሚቆይ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ሲጠወልግ ያየው አትክልተኛም የተጠማ መስሎት ውኃ ቢጨምርበት ሞቱን ያፋጥነዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በቢሾፍቱ አካባቢ የሚቈፈረው፤ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፤ በራሱ ቀዳዳዎች ጥቂት ውኃ ይይዛል፤ በጠጠሮቹ መካከል ደግሞ አየር ያሳልፋል። ከ3 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚያኽለውን ነፍቶ፤ ትቢያውን አጥቦ፤ በስፍር 2 እጅ ጠጠር ከ1 እጅ አፈር ጋራ መቀላቀል ይገባል። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ነጭ ቀላል ድንጋይም ይኽንኑ ሥራ ይሠራል፤ ኾኖም በላይ ከተነሰነሰ የክረምት ጐርፍ እያንሳፈፈ ወደ ቦይ ይወስደዋል። ደቃቅ አሸዋ በጥቂቱ ከጥቁር አፈር ጋራ ማቡካት ግን የጭቃ ግድግዳ እንደ መምረግ ነው።

በጕድጓዱ ወይም በማሰሮው ግርጌ ጠጠር አንጥፎ ከላይ ጥቁር አፈር መሙላት የተለመደ ቢኾንም አይጠቅምም። ውኃ ከደቃቁ አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር የሚወርደው ደቃቁ ፈጽሞ ከራሰ በኋላ ስለ ኾነ፤ ርጥበቱ በሥሩ አጠገብ ይቆማል። ድብልቁ ከላይ እስከ ታች አንድ ዐይነት ሊኾን ይገባል።

ከመትከል በፊት 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ቈፍሮ፤ ኹለት ጊዜ ውኃ ሞልቶ ማየት ነው። የኋለኛው ውኃ እስከ ማግሥቱ ካልጠለቀ፤ መደቡን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ግን ጠጠር ቢበዛ ሥሩ ቶሎ ይደርቃል፤ በዚያ የአፈሩ እጅ ይጨመራል። ፍግም በየትም ስፍራ ጥቂት ይበቃል፤ ሲበዛ ቅጠሉን አለስልሶ ለብስባሴ ያጋልጠዋል።

የተቈረጠ የቁልቋል ቅርንጫፍ ቍስሉ እስኪደርቅ ድረስ በጥላ ሰንብቶ፤ ዝናሙ ካቆመ በኋላ በጥቅምት ቢተከል ይሻላል። ወተቱ ዐይን ስለሚጐዳ፤ ቈራጮቹ ይጠንቀቁ፤ ሕፃናት በሚመላለሱበት መንገድ ዳርም ቁልቋሉ ቀርቶ እሬት ይተከል።