መዓዛው በፎቶግራፍ የማይነሣ አበባ

ከጅማ ወዲያ ወዳለው የቡና አገር የሄደ ሰው፥ ከትልልቆቹ የጥላ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፥ ሥሩ ብር የመሰለ፥ ቅጠሉ ወፍራም የሆነ ተክል ሳያይ አይቀርም። ብዙ ሰው የዛፉን ደም የሚመጥ ጥገኛ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ኦርኪድ ነው። ከዛፉ የሚፈልገው መቀመጫ ብቻ ነው፤ ውሃውን ከዝናብና ከጉም፥ ምግቡንም በቅርፊቱ ላይ ከሚጠራቀመው ብስባሽ ያገኛል።

ይህን የምንጽፈው ለማስተማር ብቻ ሳይሆን ስሕተታችንን ለመናዘዝም ጭምር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት እግር ኦርኪድ ወደ አዲስ አበባ ይዘን መጣን፤ አንዱን ከቆመ ዛፍ ላይ ገንጥለን፥ ሁለተኛውን ግን ነፋስ ከጣለው ቅርንጫፍ ጋራ አንሥተን። የገነጠልነውን አፈር በሞላበት ጣሳ ተክለን እንደ ጤና አዳም ጧትና ማታ ውሃ አጠጣነው፤ ወር ሳይሞላው ሥሩ በስብሶ ሞተ። ሁለተኛውን በእንጨቱ ላይ እንዳለ በመስኮት አጠገብ ስለ ሰቀልነው ዳነ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የዚህ ተክል ሥር ውጫዊ ልባስ እንደ ስፖንጅ ያለ ነው፤ ውሃ ሲነካው ወዲያው ይመጥና ከነጭነት ወደ አረንጓዴነት ይለወጣል። ከዚያ በኋላ የሚፈልገው አየር ነው፤ በአፈር ከተቀበረ ይታፈናል። ስለዚህ በቤቱ ሊያሳድግ የሚወድ ሰው በእንጨት ላይ በክር ይሠረው፥ ወይም ቀዳዳ በበዛበት ዕቃ ውስጥ በከሰል ስብርባሪና በዛፍ ቅርፊት መካከል ያስቀምጠው። ብርሃን ይስጠው፤ የቀትር ፀሐይ ግን አያግኘው። ጧት ጧት ውሃ ይርጭበት፤ ሥሩም ሳይመሽ ይድረቅ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ ከመስታወቱ ራቅ ያድርገው።

ኦርኪዳችን በሦስተኛው ዓመት አበበ። ሊቃውንት አኤራንጊስ ብራኪካርፓ የሚሉት ነበር፤ አበባው ነጭ፥ ከበስተኋላው እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ቀጭን ቱቦ የተንጠለጠለበት። ቀን ብናሸተው ምንም ስላልሸተተን፥ መልክ እንጂ መዓዛ የለውም ብለን ፈረድንበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ግን አንድ ጓደኛችን በሩን ከፍቶ ገና ሳይቀመጥ፥ «ሽቶ የተቀባው ማነው?» አለን።

ለካ አበባው የሚጠብቀው እኛን አልነበረም። የማር ውሃው ከቱቦው ጫፍ ስለሆነ ንብ አትደርስበትም፤ የሚደርስበት ምላሱ ረጅም የሆነ የእሳት እራት ነው፤ እርሱም በጨለማ ይበራል። ነጭነቱና የሌሊት መዓዛው ለርሱ ምልክት ናቸው። ዳርዊን በ1862 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የማዳጋስካር ኦርኪድ አይቶ፥ ምላሱ ይህን ያህል የሚረዝም የእሳት እራት መኖር አለበት አለ። እርሱ ከሞተ በኋላ በ1903 እንዲህ ያለው የእሳት እራት ታውቆ ስም ተሰጠው።

ፎቶግራፉንም በዚህ ዕውቀት ማንሣት ይገባል። የእጅ ስልክ ካሜራ ይበቃል። ከአበባው በስተኋላ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀል፤ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ስለሚያበዛ፥ ነጩ አበባ ኖራ እንዳይመስል ብርሃኑን መቀነስ ነው። ከፊት ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይነሣ፤ አለዚያ ቱቦው አይታይም። ቱቦው በብርሃን ፊት ሲያዝ የማር ውሃው ከጫፉ ይታያል። መዓዛው በፎቶግራፍ ስለማይነሣ፥ የሸተተበትን ሰዓት ከሥዕሉ ግርጌ እንጻፍ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንለምናለን። የኦርኪድ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ፥ ስንቅ የሌለው ነው፤ በዱር የሚበቅለው የሚመግበው ሻጋታ ሲያገኝ ብቻ ነው። በ1922 ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ያለ ሻጋታ በስኳር ምግብ ላይ ማብቀል እንደሚቻል ስላሳየ፥ ዛሬ በላቦራቶሪ የበቀለ ችግኝ ይገኛል። በዱር ግን የገነጠልነውን የሚተካው ብዙ ዓመት ነው። የወደቀውን እናንሣ፤ የቆመውን በፎቶግራፍ ብቻ ይዘን እንመለስ። እኛ የገደልነው አንዱ ይበቃል።